ወንድሜ አሜሪካ የሚገባበትን የጭነት ኩባንያ ደሴ ሆኜ እንዴት ላጣራው?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ ነው ያለሁት። ስለ ጭነት መኪና ብዙ አላውቅም። ግን ከቤተሰቡ ኮምፒውተር የምነካው እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እኔ ላይ ወድቋል።

ታላቅ ወንድሜ ዳላስ ነው። ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በቅርቡ ሲዲኤል አወጣ፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማለት ነው። አሁን የሚገባበት ኩባንያ አገኘሁ ይላል። ባለቤቱ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱ ከኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው የሚኖሩት፣ ሠርግም ለቅሶም አብረን ነን። ውሉ እንዲህ ነው አሉ፤ ወንድሜ መጀመሪያ 6,000 ዶላር ያስይዛል፣ ትራኩን ይረከባል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ከገቢው ላይ እየተቆረጠ በሦስት ዓመት ትራኩ የሱ ይሆናል። ያ 6,000 ዶላር ደግሞ የእናታችንን ቤት ጣሪያ ልናድስበት ያጠራቀመው ነው።

እኔ ቢያንስ ኩባንያው መኖር አለመኖሩን እንይ አልኩ። እናቴ ተቆጣች። «የሰው ልጅ እንደ ሌባ ይመረመራል እንዴ፣ እናቱ ብትሰማ በምን ዓይኔ አያታለሁ» አለችኝ። ወንድሜም እሱን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ አፍሯል። በስንት ልመና የዶት ቁጥር የሚሉትን፣ የኩባንያውን የመለያ ቁጥር፣ ላከልኝ። ቁጥሩን ይዤ ምን ላድርግ? ከዚህ ሆኖ ማየት ይቻላል? ክፍያ አለው? የሚታየውስ ነገር ምን ያህል ይታመናል? ኮምቦልቻ ለአሜሪካ ኩባንያዎች በሌሊት የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁና እባካችሁ።


የሌሊት ዲስፓቸር፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ በትክክለኛው ሰዓት ነው የጠየቅሽው። እኔ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 የምሠራው ይህንኑ ነው፣ ለትራኮች ጭነት መፈለግ። አንድ ጭነት ከመያዜ በፊት ደላላውን አጣራለሁ፣ ደላላውም እኛን ያጣራል። እዚያ አገር ማጣራት ስድብ አይደለም፣ የሥራው መጀመሪያ ነው። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያት።

ክፍያ የለውም። ከደሴም ይታያል። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ኤፍኤምሲኤስኤ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ኩባንያዎችን ደህንነት የሚቆጣጠር። ከ2000 ጀምሮ ነው ራሱን ችሎ የቆመው፣ በነሱ አቆጣጠር። ይህ መሥሪያ ቤት ሴፈር የሚባል ገጽ አለው። ጎግል ላይ ስትፈልጊው ብዙ ተመሳሳይ ገጾች ይመጡልሻል። ገንዘብ ክፈሉ የሚሉም አሉ። መጨረሻው ዶት ጎቭ (.gov) የሆነውን ብቻ ክፈቺ፣ እሱ የመንግሥት ነው።

እዚያ የዶት ቁጥሩን አስገቢና ፈልግ በይ። በስም አትፈልጊ፣ በአንድ ስም አሥር ኩባንያ ሊመጣ ይችላል። አንድ ገጽ ይከፈትልሻል። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለተጨናነቀ መጀመሪያ ያደናግራል፣ አብሽሪ።

ከላይ ያለውን እዪ። ሕጋዊ ስሙ ወንድምሽ ከነገረሽ ስም ጋር ይገጥማል? አንዳንዴ በር ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የተመዘገበው ሌላ ነው። የዶት ቁጥሩ «አክቲቭ» ይላል ወይስ «አውት ኦፍ ሰርቪስ»? ሁለተኛውን ካለ ሌላ ነገር ማየት አያስፈልግሽም፣ እንዳይሠራ ታግዷል ማለት ነው። ግን ልብ በይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የዶት ቁጥር አክቲቭ መሆን ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የዶት ቁጥር መታወቂያ ነው። የሌላ ሰው ጭነት ከስቴት ስቴት በክፍያ ለመጫን ኦቶሪቲ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ኤምሲ በሚባል ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። ስለዚህ «ኦቶራይዝድ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። «ኖት ኦቶራይዝድ» ካለ አቁሚ።

ቀጥሎ የትራኮች ብዛትና የሹፌሮች ብዛት አለ። ኩባንያው ራሱ ኤምሲኤስ 150 በሚባል ቅጽ ሞልቶ የሰጠው ነው። ቅጹ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ የተሞላበት ቀንም ይታያል። ባለቤቱ በአፉ ያለው ቁጥርና እዚያ ያለው ቁጥር ይቀራረባል ወይ? እሱን አስተያዪ።

ከዚያ ወረድ ስትዪ ፍተሻ አለ። ያለፉት 24 ወራት ማለት ነው። መንገድ ላይ ፖሊስ ወይም ተቆጣጣሪ አስቁሞ ሲፈትሽ ይመዘገባል። ስንት ተፈተሸ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ «ከዚህ አትንቀሳቀስ» ተባለ የሚለው በመቶኛ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ደግሞ የአገሪቱ አማካይ። ለመኪናው አማካዩ ከመቶ 22 አካባቢ ነው፣ ለሹፌሩ ከመቶ 7 አይሞላም። ኩባንያው ከአማካዩ እጥፍ ከሆነ መኪናው ፍሬን የለውም፣ ጎማው አልቋል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ከዚህ አንዱ ነው። የሹፌሩ ከፍ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ መንዳት። ከጁን 25/2025 ወዲህ ግን እንግሊዝኛ መናገር ያልቻለ ሹፌርም ከመንገድ ስለሚወጣ፣ የኛ ልጆች ባሉበት ኩባንያ ያ ቁጥር በዚህም ሊያድግ ይችላል።

ከሥሩ የአደጋ መዝገብ አለ። ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበት፣ መኪና የተጎተተበት ተብሎ። እዚህ ላይ ፍርድ አትስጪ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጽፍም። ቆሞ የተገጨውም እዚያ ይቆጠራል።

በመጨረሻ ሬቲንግ አለ። ሦስት ነው፤ «ሳቲስፋክተሪ» ጥሩ፣ «ኮንዲሽናል» የሚስተካከል ጉድለት ያለበት፣ «አንሳቲስፋክተሪ» የማይበቃ። አብዛኛው ትንሽ ኩባንያ ግን ምንም ሬቲንግ የለውም። ስላልተገመገመ ነው እንጂ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ባዶ ብታገኚ አትደንግጪ፣ ግን እንደ ጥሩም አትቁጠሪው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቦታ ሂጂ። አንደኛው የፈቃድና የኢንሹራንስ ገጽ ነው፣ ኤል ኤንድ አይ ይሉታል። እዚያ ፈቃዱ መቼ እንደተሰጠ፣ ተሰርዞ እንደሆነ፣ የትኛው ኢንሹራንስ እንዳለው፣ ኢንሹራንሱ የሚቋረጥበት ቀን ተይዞ እንደሆነ ይታያል። ለተራ ደረቅ ጭነት ሕጉ ቢያንስ 750,000 ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን ይጠይቃል። ሁለተኛው ኤስኤምኤስ የሚባለው ነው (የስልኩ መልእክት አይደለም)። እያንዳንዱ ፍተሻ በቀንና በጥፋት ተዘርዝሮ አለ። ድሮ የጭነት ኩባንያዎች ነጥብም ለሕዝብ ይታይ ነበር፣ በ2015 የወጣ ሕግ ደበቀው። ዝርዝሩ ግን አለ፣ እሱ ይበቃሻል።

ያገኘሽውን እዚህ ጻፊልን። የኩባንያውን ስም ግን አትጻፊ።


አንጋፋው ሹፌር

ልጄ፣ እኔ ስለ አሜሪካው አላውቅም። ስለ ማፈር ስላነሳሽው ነገር ግን ልናገር።

ከ30 ዓመት በላይ ነድቻለሁ። አሰብ መንገድ ላይ ነው የጀመርኩት፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ። ከ1990 በኋላ ወደ ጅቡቲ ዞርን። እዚህ አገር ደህና ነጋዴ ጭነቱን ከመስጠቱ በፊት ሊብሬ ያያል። ፎቶ ኮፒ አይቀበልም። ታርጋውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያያል። ተሳቢ ካለው የተሳቢውንም ለብቻው፣ ተሳቢ የራሱ ታርጋና የራሱ ሊብሬ አለውና። ቦሎው የዘንድሮ ነው ወይ? ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ መስታወቱ ላይ አለ? ሹፌሩ በውክልና ከሆነ ውክልናው የታል? መኪናውን የሚገዛ ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ዕዳና እገዳ ያስጠይቃል። ይህንን የአጎቱ ልጅም ቢሆን ያደርጋል። ማንም አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ለምን ተቀየምክ ነው የሚባለው።

አንድ የማውቀው ነጋዴ ግን አፍሮ ሳይጠይቅ ቀረ። ሰው ያገናኘው ነበር፣ «የኛ ሰው ነው» ተብሎ። 400 ኩንታል ማሾ ጫነ። መኪናው አዲስ አበባ አልደረሰም። ታርጋው ሲጣራ የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘጋ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አወጣ። እስካሁን ሳየው ያመኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወረቀት ሙሉ ሆኖ መኪናው ባዶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ባለንብረቱ ቦሎ አሳድሶ፣ መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ሂድ አለኝ። ከደሴ ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ጋለና ከእግሬ ሥር ጠፋ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ነው የምትወርጂው። ማርሽ ቀድሜ ዝቅ አድርጌ ስለነበር በሞተር ይዤ አወረድኩት። አላህ ነው ያተረፈኝ። የተለጠፈው ቦሎ ገና አንድ ወሩ ነበር። ስለዚህ ወንድምሽ ቁጥሩን ካየ በኋላ መኪናውንም ሄዶ ይይ። ከሥር ይግባ። ጎማውን በእጁ ይንካ። ሹፌሮቹን ባለቤቱ በሌለበት ያናግር።


ኮምቦልቻ ተወልጄ ዳላስ

ጋሼ የጻፉት እውነት ነው። እኔም እዚሁ ዳላስ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ነዳሁ። እህቴ፣ የወንድምሽ ነገር የኔ ታሪክ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔም በሊዝ ነው የገባሁት፣ ትራኩን ከገቢዬ እየከፈልኩ። በአገር ልጅ። 5,000 አስያዝኩ። ውል አልነበረኝም፣ በእጅ ተጨባበጥን። በየሳምንቱ ለትራኩ፣ ለተሳቢው፣ ለኢንሹራንስ፣ «ለልዩ ልዩ» ይቆረጣል። አንዳንድ ሳምንት 3,000 ማይል ነድቼ 200 ዶላር ይዤ እገባ ነበር። ጭነቱ ስንት እንደተከፈለበት አሳየኝ ስል አያሳየኝም። በሰባተኛው ወር ስወጣ ያስያዝኩትን አጣሁ፣ ትራኩንም አጣሁ። እስከዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም።

በኋላ ነው ሕግ እንዳለ ያወቅኩት። የፌደራል ደንብ ነው፣ ክፍል 376 ይባላል። ትራክ ይዞ በኩባንያ ሥር የሚሠራ ሰው ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ምን ምን እንደሚቆረጥ እያንዳንዱ መጻፍ አለበት። የጭነቱን ወረቀት ካስገባ በ15 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ክፍያው በመቶኛ ከሆነ የጭነቱን ዋጋ የሚያሳየውን ወረቀት የማየት መብት አለው። ያስያዘው ገንዘብ ደግሞ ኤስክሮ ይባላል። ለምን እንደተያዘ መጻፍ አለበት፣ ሲወጣም ሂሳቡ ተሠርቶ ቢበዛ በ45 ቀን ይመለሳል። ወንድምሽ ሳይፈርም ውሉን ቤቱ ወስዶ ያንብብ። ውሉን አሁን መስጠት ያልፈለገ ሰው በኋላም አይሰጥም።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው። በመጥፎ ትራክ ሲያዝ የሚጎዳው ኩባንያው ብቻ አይደለም። ፍተሻው በሹፌሩም ስም ይመዘገባል። ፒኤስፒ የሚባል መዝገብ አለ። የሦስት ዓመት ፍተሻና የአምስት ዓመት አደጋ ይዟል። ጥሩ ኩባንያ ለመቅጠር ሲል ያንን ነው የሚያወጣው፣ ሹፌሩም የራሱን 10 ዶላር ከፍሎ ማየት ይችላል። እኔ ከዚያ ኩባንያ ስወጣ አራት የፍሬንና የጎማ ጥፋት በስሜ ተመዝግቦ ነበር። ደህና ኩባንያ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። 6,000 ዶላሩ ተመልሶ ይገኛል። አዲስ ሹፌር መዝገቡ ከቆሸሸ ግን ሦስት ዓመት ነው የሚጠብቀው።

ስለ ሰዓቱም ይጠይቅ። ሹፌር በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ከዚያ በፊት 10 ሰዓት ማረፍ አለበት፣ ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥም መንዳቱን ይጨርሳል። መኪናው ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው የሚመዘግበው። «ችግር የለም፣ ሰዓቱን እኛ እናስተካክልልሃለን» የሚል ኩባንያ ካለ ከዚያ ይውጣ። እንቅልፍ ወስዶት ሰው የገደለ ልጅ አውቃለሁ። ሰዓቱን ያስተካከለለት ሰው ፍርድ ቤት አብሮት አልቆመም።


ሁለት ትራክ ያለኝ

ሰላም። እኔም ወሎዬ ነኝ፣ አሁን ኦሃዮ ነው የምኖረው። ትንሽ ኩባንያ አለኝ። ትንሽ ሚዛን እንዲኖረው ነው የምጽፈው።

አዲስ ኩባንያ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። እኔ ስጀምር ማንም አላመነኝም ነበር። ለፈቃዱ 300 ዶላር ከፈልኩ፣ ኢንሹራንሱ ወገቤን ቆረጠኝ፣ ደላሎች ፈቃድህ ስድስት ወር ካልሞላው ጭነት አንሰጥም ይሉኝ ነበር። መንግሥት ራሱ አዲስ ገቢን 18 ወር በክትትል ሥር ያቆየዋል፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ኦዲት ያደርገዋል። ስለዚህ ሬቲንግ የለውም፣ ፈቃዱ አዲስ ነው ብሎ ብቻ ሰውን መጣል ልክ አይደለም።

መቶኛውንም በጥንቃቄ እዩት። የኔ ሁለት ትራክ አራት ጊዜ ተፈተሸ። አንዴ የተሳቢው ፍሬን ላይ ጉድለት ተገኘና ቆመ። ከመቶ 25 ሆነ! ከአማካዩ በላይ ነኝ ማለት ነው። አራት ፍተሻ ላይ መቶኛ ብዙ አይናገርም። 40 ፍተሻ ላይ ግን ይናገራል።

የትራኩ ቁጥርም ሊያረጅ ይችላል። ቅጹን ስትከፍት ትሞላዋለህ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የሚያስታውሰው የለም። ልጁ የሰፈራችሁ ልጅ ከሆነ ቅንነቱንም አስቡለት።


የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሐረጎ ላይ ሲደርስ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ እዪው» አለች።

ትናንት ማታ አየሁ። መብራት ሁለቴ ስለጠፋ እስከ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ።

የዶት ቁጥሩ አክቲቭ ነው። ኦቶራይዝድም ይላል። ደስ አለኝ። ስሙም ይገጥማል። ትራክ 2፣ ሹፌር 2 ይላል። ወንድሜን ግን 30 ትራክ አለን ብሎታል። ፈቃዱ የተሰጠው ከአምስት ወር በፊት ነው። ሬቲንግ የለውም። ፍተሻ 31 ጊዜ። መኪና 19 ጊዜ ተፈትሾ 8 ጊዜ ቆሟል፣ ከመቶ 42 ይላል። ሹፌር 31 ጊዜ ተፈትሾ 5 ጊዜ፣ ከመቶ 16። አደጋ አንድ አለ፣ መኪና የተጎተተበት።

ኢንሹራንሱ ገጽ ላይ ሽፋን አለ። ግን አጠገቡ የሚቋረጥበት ቀን ተጽፏል፣ ከዛሬ 18 ቀን በኋላ። ይህ የተለመደ ነው? ለባለ ሁለት ትራኩ ወንድሜ፣ ቅንነቱን ማሰብ ፈልጌ ነበር፣ በእውነት ነው የምልህ። ግን ይህንን ምን ልበለው?


የሌሊት ዲስፓቸር፣ ኮምቦልቻ

ጎበዝ ነሽ። ብዙ ዲስፓቸር ይህን ያህል አያይም።

አንድ በአንድ ልሂድ። ኢንሹራንስ ሰጪው ሽፋኑን ሊያቋርጥ ሲል ለኤፍኤምሲኤስኤ ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ያየሽው ቀን ያ ነው። አንዳንዴ ኩባንያው የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ወደ ሌላ ኢንሹራንስ እየዞረ ስለሆነ ይሆናል፣ ያኔ አዲሱ ከመቋረጡ በፊት ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ስላልከፈለ ወይም አደጋና ጥፋት ስለበዛበት ይባረራል። ቀኑ ደርሶ አዲስ ካልገባ ፈቃዱ ይሰረዛል። ወንድምሽ 6,000 ከፍሎ በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ መቆም ይመጣል።

የትራኩ ቁጥር ሊያረጅ ይችላል የተባለው ልክ ነው። ግን እዚህ ቅጹ ራሱ የአምስት ወር ነው። ሁለት ትራክ በአምስት ወር 31 ጊዜ አይፈተሽም። እኔ የማስጭናቸው ትራኮች በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚፈተሹት። ስለዚህ ብዙ ትራክ በዚያ ቁጥር እየሄደ ነው። በአምስት ወር ውስጥ 30 ትራክ ከየት መጣ? እሱ ነው ጥያቄው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከሴፈር ገጽ ላይ የኩባንያውን ስልክ ቁጥር ገልብጪና ጎግል ላይ ብቻውን ፈልጊው። አድራሻውንም እንዲሁ። አድራሻ ብቻ ቢገጥም ብዙ አትጨነቂ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ወይም አንድ የትራክ ማቆሚያ ላይ ብዙ ኩባንያ ይመዘገባል። ስልኩም ቢገጥም ግን ሌላ ነው።

ይህንን የምልሽ ለምንድነው፣ ቻሜሊዮን የሚባሉ ኩባንያዎች አሉ። እንደ እስስት ማለት ነው። መዝገባቸው ሲበላሽ ወይም ሲታገዱ ይዘጉና በሚስት፣ በወንድም፣ በጓደኛ ስም አዲስ ቁጥር ያወጣሉ። ትራኩ ያው፣ ሹፌሩ ያው፣ ግቢው ያው። በ2008 ሸርማን ቴክሳስ አንድ አውቶቡስ ከድልድይ ወድቆ 17 ሰው ሞተ። ሲጣራ ከጥቂት ሳምንት በፊት የታገደ ኩባንያ በሌላ ስም ሊቀጥል ሲሞክር ነበር። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አመልካችን ከድሮዎቹ ጋር ማስተያየት ጀምሯል። አሁንም ግን ብዙ ያልፋል።


የሆጤዋ (ጠያቂ)

ስልኩ ገጠመ።

ሌላ ኩባንያ ነው፣ ሌላ ስም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ አድራሻ። የዚያኛውን የዶት ቁጥር ሴፈር ላይ አስገባሁ። አውት ኦፍ ሰርቪስ ይላል። ቀኑ የአዲሱ ፈቃድ ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት በፊት ነው። ትራክ 28።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ለወንድሜ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።


ኮምቦልቻ ተወልጄ ዳላስ

ወንድምሽ ባለቤቱን አያዋርደው፣ አይሳደብ። እንደ ሥራ ይጠይቀው። ስልክህ በሌላ የታገደ ኩባንያ ላይም አለ፣ ምንድነው? ኢንሹራንስህ ሊቋረጥ ነው፣ አዲሱ የታል? ውሉን ሳልከፍል ላንብበው? የምረከበው ትራክ የማን ስም ላይ ነው? አራቱን ብቻ። ምናልባት ድሮውን ኩባንያ ከሌላ ሰው ጋር በሽርክና ይዞ፣ ተጣልተው፣ ለብቻው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውም አይቻለሁ። መልሱን ይስማ። እሱን ስሚና ንገሪን።

ካልከፈለ ምንም አልጠፋም። ደግሞ አዲስ ሹፌር ነው። መጀመሪያ አንድ ዓመት በተራ ቅጥር ቢሠራ፣ የሰው ትራክ ይዞ፣ የሰው ናፍጣ እየቀዳ፣ መንገዱንም ክረምቱንም ቢለምድ ይሻለዋል። የወንድምሽን ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ዳላስ እገባለሁ። ቡና እንጠጣለን።


አንጋፋው ሹፌር

ልጄ፣ ለሌሎቹ ሹፌሮችስ ማን ይነግራል? 28 ትራክ ማለት 28 የሰው ልጅ ነው።


ኮምቦልቻ ተወልጄ ዳላስ

ልክ ነው ጋሼ። ኤፍኤምሲኤስኤ የአቤቱታ ማስገቢያ ገጽ አለው። ሹፌርም፣ ሌላ ሰውም ማስገባት ይችላል። እኔ ያኔ የኔን አስገብቻለሁ። ገንዘቤን አላስመለሰልኝም፣ መዝገቡ ላይ ግን ተቀምጧል። ወንድሟ መልሱን ከሰማ በኋላ ከሱ ጋር ሆነን እናያለን። ሳንሰማ አንከስም።


የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሳምንት ስለቆየሁ ይቅርታ።

ወንድሜ ጠየቀው። ስለ ስልኩ «የድሮ ጓደኛዬ ነው» አለ። ኢንሹራንሱ ይስተካከላል አለ። ትራኩ በማን ስም እንደሆነ አልመለሰም። ውሉን ስትከፍል ትፈርማለህ አለው። ወንድሜ እንግዲያው ቆይ አለና ወጣ። ሲወጣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሐበሻ ሹፌሮችን አግኝቶ አናግሯቸዋል። አንደኛው ከሦስት ሳምንት በላይ አልተከፈለውም። የዳላሱ ወንድማችን ቅዳሜ አግኝቷቸዋል፣ አቤቱታውን አብረው እየጻፉ ነው።

6,000 ዶላሩ አለ። እናቴ ጣሪያውን ከመስከረም በፊት አይነካም ብላለች፣ ዝናብ ስለሆነ።

ትናንት የልጁ እናት ቡና ጠርተውን ሄድን። ምንም አላነሳንም። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።

ወንድሜ ዛሬ ሌላ የዶት ቁጥር ልኮልኛል። በተራ ቅጥር ነው፣ 140 ትራክ አለን ብለውታል። ከሥራ እንደገባሁ አየዋለሁ፣ መብራት ካልጠፋ።